የከሰዓቱ ስኳር

ጅቡቲ ላይ ውሃ ጠማኝ ማለት ወሬ አይሆንም። ሁሉም ይጠማዋል። ጥላ ስር የተጋደመችው ድመት እንኳ ምላሷን አውጥታ ነው የምትውለው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ ገና ሳይጠና፣ አንድ ጆግ ውሃ ጨልጬ ጉሮሮዬ ተመልሶ ክው ሲልብኝ ለማንም አልተናገርኩም። ሙቀቱ ነው አልኩ። ሽንት ቤት መመላለሴን ውሃው ነው አልኩ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ ዕድሜ ነው፣ አርባን ካለፍኩ ቆየሁ አልኩ። ቀሚሴ ወገቤ ላይ ሲሰፋማ ደስ አለኝ፤ ቀጠንኩ ብዬ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብያለሁ። አይ እኔ።

ባለማወቄ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላፍርም ነበር። እኔ ግን ስኳርን አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ በሱ ነው።

የምሠራው ካርቲየ 3 በሚሉት ሰፈር፣ ከድሬዳዋ የመጣ ነጋዴ ቤተሰብ ቤት ነው። ልጅየዋና ባሏ ካርቲየ 5 የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ እኔ ደግሞ ቤት ውዬ አሮጊት እናቷን እጠብቃለሁ፣ ምግብ እሠራለሁ፣ እዚያው አድራለሁ። አሮጊቷን ቤቱ ሁሉ ሆዮ ይላቸዋል፤ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። ናጋድ ባቡር ጣቢያ ወርጄ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በገባሁበት ቀን እርስዎ ስላቸው ሳቁብኝ። «አቦ ይሄን አንቱታሽን ኮምቦልቻ መልሺው፤ እኛ ድሬ አንቱ አንባባልም» አሉኝ። እውነትም ልጃቸው አንቺ ነው የምትላቸው። እኔ ግን እናቴን የሚያህሉ ሰው አንቺ ማለት አፌ እምቢ አለኝና ስድስት ዓመት ሙሉ እርስዎ እንዳልኳቸው አለሁ።

ሆዮ እኔ ከመምጣቴ ብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ስኳር አለባቸው። ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ጣታቸውን ወግቼ ጠብ የምትለውን ደም ወረቀቷ ላይ አስነካና በማሽኗ እለካለሁ። ማሽኗ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት። ቁጥሩ ሲወጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «መቶ ሠላሳ» እላለሁ፤ ልጃቸው ውስጥ ክፍል ለሱቅ እየለበሰች ትሰማና በር ኋላ የተሰቀለው ካላንደር ላይ ትጽፈዋለች። የምትሰማው እሷ ብቻ አይደለችም። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የምትኖር አንዲት የድሬ ሴት አለች፤ ቁጥሩ ደህና ሲሆን «ጎበዝ ሆዮ» ትላለች፣ ከፍ ሲል ደግሞ «ዛሬ ምን በላሽ ሆዮ?» ብላ ከማዶ ትጠይቃለች። ሆዮ ይህን ነገር አይወዱትም ነበር።

«ገመናዬን ለሰፈር ታሰሚያለሽ» ይሉኛል።

«ስኳር ደግሞ ምኑ ገመና ነው?» እልና እስቃለሁ።

በዚህ አፌ ነው ያልኩት።

ሌላም ብዙ አድርጌያለሁ። ስኳሩን ሩዝ ጆንያ ውስጥ እደብቃለሁ። ብርጭቋቸውን አሸታለሁ። እጃቸው ላይ ያለችውን ተምር ነጥቄ አውቃለሁ፤ በእኔ ቤት ለጤናቸው ብዬ ነው። አንዴ ደግሞ ከሠርግ የመጣ ሐልዋ ሻሻቸው እጥፋት ውስጥ አገኘሁና እንግዳ በተቀመጠበት አውጥቼ ለልጃቸው አሳየሁ። ሁሉም ሳቀ። ሆዮም አብረው ለመሳቅ ሞከሩ፤ ከዚያ ግን ሻሻቸውን አስተካክለው እንግዶቹ እስኪሄዱ ዓይናቸውን ከምንጣፉ አላነሱም። እኔ ደግሞ ሥራዬን በደንብ የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወደ ማድቤት ገባሁ።

አሁን የራሴን ልናገር።

እኩለ ቀን ላይ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል። ከተማው ለትንሽ ጊዜ ያብድና ጸጥ ይላል። የልጃቸው ባል ሁለት ሦስት ጓደኞቹን ይዞ ይመጣና መብራዝ ይገባሉ፤ እዚህ አገር መቃሚያውን ክፍል መብራዝ ነው የሚሉት። እኔ ሻይ አፈላላቸዋለሁ፤ ሄል ያለበት፣ ስኳሩ ከንፈር የሚያጣብቅ፣ ሁለት ትልልቅ ፔርሙስ። ለስላሳም ይከፍታሉ። የተረፈው ሁሉ ወደ እኔ ወደ ማድቤት ይመለሳል። ምግብና መጠጥ መድፋት ነውር ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ነበር። ቀስ በቀስ፣ ለእንግዳ ነው እያልኩ ለራሴ ጨምሬ ማፍላት ጀመርኩ። ከማድቤቱ በር ጀርባ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጬ እቀመጥና ዳቦውን እየነከርኩ እጠጣለሁ። ግማሽ የቀረውን የለስላሳ ጠርሙስ፣ ጋዙ የወጣውን፣ ሰው አፉን ያሳረፈበትን ሳይቀር እጨርሰዋለሁ። ማንም አልከለከለኝም። ሻይ ልጠጣ ብል ቁጭ ብለሽ ጠጪ የሚሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ሆዮን ቀኑን ሙሉ እያሳደድኩ እሳቸው ዓይን ፊት እንዴት ልጠጣ? ስለዚህ በር ጀርባ ነበርኩ።

ያነቃኝ ጉንዳን ነው። ጓሮ፣ የእኔ መታጠቢያና ሽንት ቤት አንድ ላይ የሆነች ክፍል አለች። አንድ ጠዋት ስገባ ጥቁር ጉንዳን ከግድግዳው ሥር ተሰልፎ በቀጥታ ወደማልናገረው ቦታ ይሄዳል። ኮምቦልቻ ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ ሽንቱን ጉንዳን የከበበው ሰው ስኳር አለበት ይባላል። በረኪና ደፋሁበት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በረኪናውን ጨምሬ ደፋሁ። ልጃቸው «ምነው ቤቱ ሁሉ በረኪና በረኪና ሸተተ?» ስትለኝ ጽዳት ነው አልኳት።

ሆዮ ከምሳ በኋላ ይተኛሉ። በሦስተኛው ቀን እሳቸው ሲያንኮራፉ ማሽኗን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ አዲስ መርፌ፣ አዲስ ወረቀት። የሰው ጣት ስወጋ ስድስት ዓመት የኖርኩት ሴት የራሴን ለመውጋት ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት። እጄ ላይ ስኳር ነክቶ ይሆናል ብዬ በሳሙና ታጥቤ ደገምኩት። ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ። ማሽኗ ተበላሽታለች አልኩ። ጠዋት ግን ለሆዮ መቶ ሃያ ስምንት አለች፣ ምንም አልሆነችም።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ለምን አልተናገርኩም? አንደኛ፣ ፈራሁ። አብራኝ በባቡር የመጣች የአገሬ ልጅ ሌላ ቤት ትሠራ ነበር፤ ሳል ጠንቶባት ሳምንት ሳይሞላ ናጋድ አድርሰው ከነሻንጣዋ አሳፈሯት። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው። እውነተኛው ግን ሐፍረት ነው። ሆዮ ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ሳስበው ከማድቤት መውጣት ያስጠላኛል። ተምር የነጠቅኳቸው እኔ፣ ሐልዋውን ለእንግዳ ያሳየሁት እኔ፣ ከበር ጀርባ ትራፊ ስጠጣ ስኳር የያዘኝ እኔ። ከዚህ ይልቅ ብሞት ይሻለኛል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያው ለማለት ሳይሆን የምር ነው ያሰብኩት።

አብሽ ዘፍዝፌ መጠጣት ጀመርኩ። ሁለት ቀን ሻዩን እተዋለሁ፣ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ። በየጥቂት ቀኑ ሆዮ ሲተኙ እለካለሁ፤ ወርዶ ይሆናል እያልኩ። እንዲህ ሆኜ ስምንት ወይ ዘጠኝ ጊዜ ለካሁ። መሳቢያውን ቀስ ብዬ እዘጋለሁ፣ ወረቀቷንና ጥጡን በፌስታል ቋጥሬ ከቆሻሻው ሥር እከታለሁ። ነገሩ አለቀ፣ ማንም አያውቅም ብዬ ነበር። ማሽኗ እንደምታስታውስ አላወቅኩም።

ልጃቸው በየሁለት ወሩ ሆዮን ሐኪም ጋ ትወስዳቸዋለች፤ ማሽኗም ቦርሳዋ ውስጥ ትሄዳለች። የዚያን ቀን ሲመለሱ ልጅየዋ ፊቷ ጠቁሮ ነው የገባችው። ሆዮ ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ጀመረች።

«ሐኪሙ ቁልፍ ተጭኖ የዱሮውን ቁጥር ሁሉ ከነሰዓቱ አወጣው» አለችኝ። «ጠዋት ጠዋት ደህና ናት። ከሰዓት ግን ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ ስልሳ፣ ሦስት መቶ። በሰው ፊት አፈርኩ። ቀን ቀን ምን እየበላች ነው?»

ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።  ብርጭቆዎቹ ትሪው ላይ ሲንኳኩ ሰማኋቸው።

«ወላሂ ምንም አልቀመስኩም» አሉ ሆዮ።

«ሆዮ፣ በአላህ፣ ለከረሜላ ብለሽ ወላሂ አትበይ። በዚህ ዕድሜሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ከሰዓት የለካሻት አንቺ ነሽ?»

እዚህ ላይ ነው ዓይኔን በጨው የታጠብኩት።

«አዎ» አልኩ። «አንዳንዴ ደክሟቸው ሳያቸው እለካለሁ።»

«መቼ?» አሉ ሆዮ። «መቼ ነው የለካሽኝ?»

«ተኝተው ሳለ ነው። አይሰማዎትም።»

ሆዮ ሁለት እጃቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው ጣታቸውን አንድ በአንድ አዩ። በስኳሩ ምክንያት ጣታቸው እየደነዘዘ ነው፤ ስወጋቸውም ብዙ ጊዜ አይሰማቸውም፣ ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው ያልኩት። አሮጊቷ የገዛ ጣታቸውን ማመን ሲያቅታቸው ቆሜ አየሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

በዚህም አልበቃም። ልጃቸው «አልጋዋን ፈትሺ» አለችኝ። ምንም እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈተሽኩ። ሆዮን ከአልጋ አስነሥቼ ግድግዳ አስደግፌ፣ ፍራሹን አገላብጬ፣ ትራሱን ከነጨርቁ አውልቄ፣ የጸሎት ምንጣፋቸውን አራግፌ ፈተሽኩ። ሆዮ ግድግዳውን ይዘው ይመለከቱኛል። ምንም አልተገኘም። «በልታ ጨርሳዋለች ማለት ነው» አለች ልጃቸው። ደክሟት እንጂ ክፉ ሆና አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ቆማ ትውላለች፤ እናቴ በገዛ እጇ ዓይኗን ልታጠፋ ነው፣ እግሯ ሊቆረጥ ነው ብላ ነው የምትሰጋው። እኔ ምንም ስጋት አልነበረኝም፣ ሐፍረቴን መሸሸግ ብቻ ነበር የያዝኩት።

ሐኪሙ ኪኒናቸውን ጨምሮላቸዋል። እሱ ምን ያድርግ፣ ያየው የእኔን ደም ነው። ጠዋትና ማታ በዚህ እጄ፣ ከውሃ ጋር፣ አቀብላቸዋለሁ። አንድ ኪኒን ቢጨመር ምን ያመጣል እላለሁ። መለካቴን ተውኩት። ሻዩን ግን አልተውኩም፤ እንዲያውም ሲከፋኝ ይበልጥ እጠጣ ነበር።

ሆዮ ተለወጡ። ዱሮ ሲነጠቁ የሚሳደቡት፣ «ፖሊሷ መጣች» ብለው የሚተርቡኝ ሰውዬ... ምን ሰውዬ እላለሁ፣ ሴትዮ፣ ዝም አሉ። ሐብሐብ ስሰጣቸው አልፈልግም ይላሉ። ስኳር የሌለበትን ሻይ እንኳ አንዴ ፉት ብለው ያስቀምጡታል። «በላች እንዳትሉኝ» ይላሉ፤ በቁጣ ቢሉት ይሻለኝ ነበር፣ በቀስታ ነው የሚሉት። ከአጥር ማዶ ያቺ ሴትም ወሬው ደርሷታል። ቁጥሩ መቶ ቢሆንም «ቀኑን አደራ ሆዮ» ትላለች። ሆዮ እየቀነሱ ይበላሉ፣ ኪኒኑ ግን እንደጨመረ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ እኩለ ቀን አልፎ፣ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማራገቢያው ቆሟል። ልጃቸው ሱቅ፣ ባሏ ጫቱን ሊያመጣ ወጥቷል። ምሳ ላቀርብ ስገባ ሆዮ ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። አልቧቸዋል። ማን ያላላበው አለ? ግንባራቸውን ስነካው ግን ላቡ ቀዝቃዛ ነው። የሚያወሩት ነገር ይደባለቅባቸዋል፤ ባቡሩ አመለጠን ይላሉ፣ እናታቸውን ይጠራሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጣታቸውን ወጋሁ። አርባ ስድስት።

ስኳር ሲወርድ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ጣፋጭ ነገር፣ ቶሎ። ሮጬ ማድቤት ገባሁ። ፔርሙሱ ተዘጋጅቷል። እንግዳ ሳይመጣ ቀድሜ ለራሴ ያፈላሁት ሻይ ነው። በብርጭቆ ቀድቼ በውሃ አቀዝቅዤ አፋቸው ላይ አደረግኩላቸው።

ሆዮ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

«ይጠጡ ሆዮ።»

ጭንቅላታቸውን አዞሩ። ምላሳቸው ተሳስሯል፤ ግን ያሉት ገባኝ። «አልቀምስም። ሌባ ትሉኛላችሁ።»

«ኧረ ሆዮ፣ መድኃኒት ነው።»

«ወላሂ አልቀምስም።» ብርጭቆውን በእጃቸው መቱት። ሻዩ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። ዓይናቸው እየተገለበጠ ነው፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ወደ ጎን ያጋድላሉ። ሰው ልጥራ ብዬ በሩን አየሁ፤ ሰው እስኪመጣ ግን ጊዜ የለም፣ ራሳቸውን ከሳቱ በኋላ ደግሞ አፋቸው ውስጥ ምንም መክተት አይቻልም። ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳሁ። ደግፌያቸው ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩና ጆሯቸው ላይ አፌን አስጠጋሁ።

«ሆዮ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሌባዋ እኔ ነኝ። የከሰዓቱ ቁጥር የእኔ ነው። እርስዎን አንድም ቀን ተኝተው ለክቼዎት አላውቅም። ስኳር ይዞኝ፣ አፍሬ፣ ተደብቄ ስለካ ነው። እርስዎ ምንም አልበሉም። ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው። አሁን ይጠጡልኝ፣ በአላህ ይሁንብዎት፣ ይጠጡልኝ።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ቆይተው ከንፈራቸውን ከፈቱ። ትንሽ ትንሽ እያደረግሁ አጠጣኋቸው፤ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ብርጭቆ። ቁና ቁና እየተነፈስኩ እንደያዝኳቸው ቁጭ አልኩ። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስለካ ሰማንያ ገብቷል። ዳቦ በወተት አበላኋቸው። ላባቸው ደረቀ፣ ባቡሩንም ረሱት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ወደ ልባቸው ሲመለሱ የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ ያልኩትን አልሰሙት ይሆናል የሚል ነበር። ሰው ስኳሩ ወርዶ የሰማውን ብዙ ጊዜ አያስታውስም። ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። እሳቸውን ከሞት አፋፍ መልሼ ገና እጄ ሳያርፍ ይህን ነው ያሰብኩት።

«ድገሚው» አሉ ሆዮ።

«ምኑን?»

«ያልሽውን።»

ደገምኩት። ዓይናቸውን እያየሁ መናገር በጆሮ ከማንሾካሾክ ስንት እጥፍ ከበደኝ። ሁሉን ነገርኳቸው፤ ጉንዳኑን፣ በረኪናውን፣ የዘይት ቆርቆሮውን፣ ሰው አፉን ያሳረፈበትን ለስላሳ። ሲጨርሱኝ... ስጨርስ ማለቴ ነው፣ እሳቸው ግን በዓይናቸው ጨርሰውኛል፤ ስጨርስ ስልኩን በአገጫቸው አሳዩኝ። «ልጄን ጥሪያት። ለእሷም አንቺው ትነግሪያታለሽ።»

ልጃቸው ከባሏ ጋር እየሮጡ ደረሱ። ቆሜ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም።

«አልጋዋን የፈተሽሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለች ብቻ።

«ነኝ።»

 ከዚያ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «ሆዮ፣ አፉ በይኝ። ስትምይ አላመንኩሽም። አፉ በይኝ።» ሆዮ እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው «አፉ ብያለሁ፣ አፉ ብያለሁ» አሏት። እኔም ከጎኗ ተንበረከክሁ። እኔንም አፉ ይበሉኝ አልኩ። ሆዮ ወደ መስኮቱ ዞሩ። የልጃቸው ባል ሐኪሙ ጋ ደውሎ የተጨመረው ኪኒን እንዲቆም ተነገረው፤ እኔ ተነሥቼ የፈሰሰውን ሻይ መወልወል ጀመርኩ።

ሻንጣዬን ቋጥሬ አልጋ ሥር አስቀመጥኩ። የሚያወጣኝ ግን አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው «ልበሺ» ስትለኝ ናጋድ መስሎኝ ሻንጣውን ይዤ ወጣሁ። ክሊኒክ ነበር የወሰደችኝ። ሻንጣውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተራ ጠበቅኩ፣ ሰው ሁሉ ያየኛል። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደም ቀዳችልኝ፣ እግሬን በጣቷ እየነካካች ይሰማሻል ወይ አለችኝ።

«ስኳር ያለበት ሻይ ትጠጫለሽ?» ብላ በፈረንሳይኛ ጠየቀችና ልጃቸው ተረጎመችልኝ።

«ብዙም አይደለም» አልኩ።

ልጃቸው ዘወር ብላ አየችኝ።

«አንድ ፔርሙስ» አልኩ።

ሐኪሟ ስኳር እንደሚመስል፣ የአዋቂ ስኳር የሚባለው፣ በኪኒንና በአመጋገብ የሚያዝ ዓይነት ሳይሆን እንደማይቀር ነገረችኝ፤ ለማረጋገጥ ያለፉትን ሦስት ወራት የሚያሳየው ምርመራ ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ አለብን አለች። እስከዚያው ጣፋጩን ተዪ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ጫማ ሳታደርጊ አትውጪ። ይህንኑ ስድስት ዓመት ለሆዮ ስናገር የኖርኩት ነው። እንደማላውቅ ሆኜ አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ።

ከክሊኒኩ ይልቅ የከበደኝ ቤት ውስጥ ያለው ነው። ሆዮ ጣታቸውን ከለከሉኝ። ጠዋት ማሽኗን ይዤ ስቀርብ እጃቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ያስገባሉ፤ ልጃቸውን ጠርተው ለእሷ ይዘረጋሉ። እሷ አልለመደችም፣ ታሳምማቸዋለች፤ ችለው ዝም ይላሉ። ቁጥሩንም ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ምግብ ሳቀርብ ይበላሉ፣ ልብስ ሳወጣ ይለብሳሉ፤ የሚያናግሩኝ ግን በግድ ነው። አንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ፣ እላለሁ ማድቤት ሆኜ። ፔርሙሱን አጥቤ ደፍቼ አስቀምጬዋለሁ፤ የእንግዳውን ሻይ ሳፈላ ሽታው ሲያዞረኝ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። ጉንዳኑ አሁንም አለ። በረኪና መድፋቱን ትቼዋለሁ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ማሽኗን እንደተለመደው ለልጃቸው ላቀብል ስል ሆዮ ጠሩኝ።

«ዛሬ ወደዚህ አምጪው።»

 ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አዲስ መርፌ አስገባሁ፣ ወረቀቷን ሰካሁ፣ ጣታቸውን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ።

«የኔን አይደለም» አሉ። «ያንቺን።»

ማሽኗንና መርፌውን ከእጄ ወሰዱ። የግራ እጄን ጨብጠው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ጣታቸው ደንዝዟል፤ መጀመሪያ ሳቱት፣ ሁለተኛም ሳቱት፣ በሦስተኛው ደም ወጣ። አመመኝ፣ እጄን ግን አልሳብኩም። ማሽኗን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው ለማንበብ ሞከሩና ወደ እኔ አዞሯት።

«አንብቢልኝ።»

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት» አልኩ በለሆሳስ።

ሆዮ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ እኔ ስድስት ዓመት ጮኼ በማላውቀው ድምፅ፣ ለጓሮው ለጣሪያው፣ «ሁለት መቶ አሥራ ስምንት!» አሉ።

ልጃቸው የካላንደሩን እርሳስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ከቆርቆሮው ማዶ ድስት መፋቁ ተቋረጠ።

«ውይ ሆዮ» አለች ጎረቤቷ። «ዛሬ ደግሞ ምን በላሽ?»

ሆዮ ማሽኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እኔን ያዩኛል።

«የእኔ ነው» አልኩ።

ድምፄ ከክፍሉ አልወጣም። ሆዮ አሁንም እየጠበቁኝ ነው። ተነሥቼ በሩ ላይ፣ ልጃቸው አጠገብ ቆምኩ።

«የሆዮ አይደለም» ብዬ ወደ ቆርቆሮው ጮህኩ። «የእኔ ነው። የዚያን ጊዜውም የእኔ ነበር።»

ከማዶ ድስት መፋቁ ቀስ ብሎ እንደገና ጀመረ። ወደ ውስጥ ስመለስ ሆዮ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው እጃቸውን አውጥተዋል። መርፌውን ቀይሬ ተቀመጥኩ፤ ጣታቸውን ዘረጉልኝ።